ያልተከፈተው ሁለተኛ ጥቅል

ሉካንግ፣ ማርች 6 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ ለሺ ቦዩዋን
ሆንግ ኮንግ

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ አባቴ አይደለም። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የምጽፈው እኔ ልጁ ዩየታዎ ነኝ፤ አባቴ አያውቅም። እስካሁን አራት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ለታላቅ ሰው ጽፌ ስለማላውቅ ሥርዓቱ ቢጎድልብኝ ይቅር ይበሉኝ። የባሕር እናት ማዙ ባሕር ማዶ ጤናዎን ትጠብቅልዎ።

ምናልባት አያስታውሱኝም ይሆናል። የአባቴ አያትና የእርስዎ አያት ወንድማማቾች ነበሩ ይባላል። ባለፈው ክረምት ለፊልምዎ የታዘዙትን ነጫጭ ሣጥኖች ሊያዩ የመጡ ዕለት፣ ከበሩ ጀርባ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «ይቺ ልጅ ምላስ የላትም እንዴ ቲየንሹን?» አሉት አባቴን። እሱም «አላት፤ ቆጥባው ነው» አለዎት። እናቴ ስትሞት ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼ ወርክሾፑ ውስጥ እሠራለሁ። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

ለአባቴ የላኩት ደብዳቤ ከነወረቀቱ ደርሷል። ወረቀቱ «ሣጥኖቹን የሠራሁት ከተሰጠኝ ንድፍ ወጥቼ በገዛ ፈቃዴ ነው» ይላል፤ ከሥሩ በፊርማ ፈንታ ለሚመታው የአባቴ ማኅተም የተተወ ክፍት ቦታ አለው። አባቴ አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ ከኮላው ማሰሮ ሥር አኖረውና ወደ መላጊያው ተመለሰ። ጋዜጣው የወጣ ዕለትም እንዲሁ ወደ መላጊያው ነው የተመለሰው።

ጋዜጣውን ሆንግ ኮንግ ሆነው አይተውት እንደሆነ አላውቅም። የታይቹንግ ጋዜጣ ነው። ፊልሙ ለምን እንደወደቀ ቢጠይቅዎት፣ «ምን ላድርግ፣ ለካ ከአገር ቤት የቀጠርኩት የሬሳ ሣጥን አናጢ ኖሯል» ብለው እንደሳቁ ጽፏል። የአባቴን ስምና የመንገዳችንንም ስም ጽፏል። አባቴ በሕይወቱ አንድም የሬሳ ሣጥን ሠርቶ አያውቅም። እርስዎ እንደሚያውቁት የሙሽራ አልጋ ነው የሚሠራው። እናትዎም የተኙበት አልጋ የአያቴ ሥራ ነው ይባላል።

ጋዜጣው በወጣ በሦስተኛው ቀን ሩዝ ነጋዴዋ እትዬ ኬ መጥታ ለልጇ ሠርግ ያዘዘችውን አልጋ ተወችው። ደጅ ላይ ቆማ ነበር የምትናገረው፤ አልገባችም።

«ቲየንሹን፣ አትቀየመኝ። አንተን አይደለም የምጠረጥረው፤ ጣውላውን ነው።»

«ጣውላው ምን አደረገሽ?» አላት አባቴ።

«እኔን ምንም። የልጄ አማት ግን ‹ሙሽራዋን አስተኝታችሁ ክዳኑን ልትመቱባት ነው ወይ?› ብላ መንደሩን አሳቀችብን።»

ከእሷ በኋላ ሁለት ቤተሰቦች ተከተሏት። አሁን በወርክሾፑ ውስጥ እግር ብቻ ያላቸው ሦስት አልጋዎች ቆመዋል።

አጎቴ፣ ይህን የነገርኩዎ ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። የአባቴ ማኅተም የሚቀመጥበት መሳቢያ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ የሒሳብ ማስታወሻውን የምጽፈውም እኔ ነኝ። ነገሩን ባስረዳው ይሰማኝ ይሆናል። ግን እኔ ራሴ ካልገባኝ እንዴት አስረዳዋለሁ? እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እንዲህ ብዙ የተደከመበት የጠፈር ፊልም በተመልካች ፊት የሚወድቀው ለምንድን ነው? ቢጽፉልኝ ደጋግሜ አነበዋለሁ።

ዩየታዎ


ሆንግ ኮንግ፣ ማርች 29 ቀን 1984

ለልጄ ለዩየታዎ

ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ ይባረክ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅሁም አዘንኩም። ያ ከበር ጀርባ የነበረ ዝምታ እንዲህ ይጽፋል? አባትሽ እውነቱን ነው፤ ቆጥበሽው ኖሯል።

የጋዜጣው ነገር ቀልድ ነበር። ሰው ሲደበደብ አፉ የመጣለትን ይናገራል። አባትሽ ትልቅ ሰው ነው፤ ያልፍለታል። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን የታይፔ ጋዜጠኞች አንዳቸውም ያልጠየቁኝን ነው። ስለዚህ እነግርሻለሁ።

«የዘጠና ዓመት እንቅልፍ»ን በልቤ ይዤ አሥራ አንድ ዓመት ዞሬያለሁ። ቤቴን አስይዤበታለሁ፤ ሚስቴ ጥላኝ ሄዳበታለች። ምድር ደርቃ ሰዎች በመርከብ ይሄዳሉ፤ መንገዱ ዘጠና ዓመት ስለሆነ በሣጥን ውስጥ ይተኛሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ነቅታ ሌሎቹን ትጠብቃለች። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ነው የሠራሁት? ሲኒማ ቤት ተቀምጦ የሐብሐብ ፍሬ ለሚቆረጥም።

ተመልካች ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ተመልካች እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ነው። ጫማውን የት እንደሚያወልቅ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማንን ሰላም እንደሚል ወዲያው ካላሳየሽው ይቆጣል። የጠፈር ፊልም ደግሞ ሁሉን ነገር አዲስ ያደርግበታል። ቤቱ አዲስ፣ ልብሱ አዲስ፣ ሕጉ አዲስ። ከዚያ ሁሉ አዲስ ነገር መካከል አንድ የሚያውቀው ፊት ካላገኘ፣ የሰጠሽው ሰማይ ሁሉ ለሱ ጣሪያ ነው። ትልቅ ሕልም ያለው ፊልም ሠሪ ሰማዩን ሲሠራ ዓመት ይፈጅና ፊቱን ይረሳል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ለተመልካቾቹ ልከራከር ብዬ አልናገረውም።

በሁለተኛው ቀን ታይፔ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየኋቸው። የጨረቃ አዲስ ዓመት ነው፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም በቀይ ልብስ። መርከቡ ታይቶ ብዙም ሳይቆይ ነጫጮቹ ሣጥኖች ተደርድረው ታዩ። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን ዐይን በእጇ ጋረደች።

«ተነሱ፣ ተነሱ! ዓመቱ ገና ሳይገባ ሬሳ ሊያሳዩን ነው?»

ልጇ «እማዬ፣ ተኝተው ነው እኮ» ቢላት፣

«አባትህም ተኝቶ ነበር ያልከኝ» አለችው።

አዳራሹ ሳቀ። በዚያች ሳቅ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመቴ ሞተ። እነዚያን ሰዎች አልምራቸውም ልጄ። አንድ ቀን ያንኑ አዳራሽ አስለቅሰዋለሁ፤ ያቺ አሮጊትም በሕይወት ካለች ከፊት ወንበር አስቀምጣታለሁ።

ለዚያ ግን ሁለተኛ ፊልም መሥራት አለብኝ። እዚህ የሚያሠሩኝ ሰዎች «የመጀመሪያው ጥፋት የማን እንደነበር በጽሑፍ አሳየን» ብለውኛል። የአባትሽ ማኅተም ለዚህ ነው። እሱን ምንም አያስከፍለውም። ወረቀቱን ላኪልኝ።

አጎትሽ ቦዩዋን


ሉካንግ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ

መቃብር የማጽጃው በዓል አልፎ ነው የምጽፍልዎ። የአያቶቻችንን መቃብር ሣር ነቅለናል፤ የእርስዎንም ድርሻ አባቴ ነቅሎልዎታል። ጤና ይስጥዎ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ እንግዳ ቤት የጻፉት ገባኝ። እኔም ሰው ቤት ስገባ የት እንደምቆም ስለማላውቅ ደጅ እመርጣለሁ። ግን አንዳንድ ነገር አልገባኝም፤ የሞኝ ጥያቄ ከሆነ ይለፉት።

እዚህ ሲኒማ ቤታችን ግንብ ላይ የተሳለው ሥዕል ስምንት እግር ያለው አውሬ ነበረው። ከአውሬው ሥር ደግሞ ያ ወፍራም ቀልደኛ ተዋናይ ሱሪው ወልቆ ይሮጣል። እኔ ፊልሙን አይቼዋለሁ። አውሬ የለውም። ቀልደኛው ገና ከመጀመሪያው ሁለት ቃል ተናግሮ ከዚያ አይታይም። ከአጠገቤ የነበሩ ልጆች እስከ መጨረሻው «አውሬው መቼ ነው?» እያሉ አባታቸውን ሲያስጨንቁት ነበር። አባትየው «አሁን፣ ከሣጥኑ ይወጣል» ይላቸዋል። አልወጣም። መብራት ሲበራ ልጆቹ አለቀሱ፤ አባትየውም ትኬት ቆራጩን ሰደበው። ያ ሥዕል የማን ሐሳብ ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ አዲስ ዓመት ነው። በእኛ ቤት በአዲስ ዓመት አራት የሚለው ቁጥር እንኳ ከሞት ስም ጋር ስለሚመሳሰል አይጠራም። ነጭ የሐዘን ቀለም ስለሆነ ነጭ ጨርቅ አይሰቀልም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ እዚሁ ነው ያደጉት። ታዲያ ማነው በዚያ ቀን ይውጣ ያለው?

ሦስተኛው ጥያቄዬ ደግሞ ይህ ነው። እኔ ፊልሙ አልገባኝም ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ስለቀረሁ ይሆናል። እነዚያ ሰዎች ሣጥን ውስጥ ማን አስተኛቸው? እርስዎ በደብዳቤዎ ነግረውኛል፤ ፊልሙ ውስጥ ግን ማንም አልተናገረም። መርከቡ ይታያል፣ ከዚያ ሣጥኖቹ፣ ከዚያ አንዲት ሴት እያለቀሰች ስትዞር። በሕይወት እንዳሉ በምን እንወቅ? ያቺ የታይፔ አሮጊት አልተሳሳተችም ለማለት አይደለም። ግን እኔም ሬሳ መስለውኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሣጥኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩ ነኝ።

አባቴ ደህና ነው። ሥራ ስለሌለ መላጊያዎቹን ይስላል። የተሳለውን መልሶ ይስላል። ትናንት አንድ ሰው ከበራችን ቆሞ «ቲየንሹን፣ ለእኔስ በልኬ አትሠራልኝም?» ብሎ ቀለደበት፤ ቁመቱንም በእጁ ለክቶ አሳየው። አባቴ አብሮት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሰውየውን ስም ግን ይዣለሁ።

ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ ነው። ጥያቄዎቼን ከመለሱልኝ አባቴን ማናገር ይቀለኛል።

ዩየታዎ


ሆንግ ኮንግ፣ ጁን 10 ቀን 1984

ለዩየታዎ

ሰላምና ጤና ላንቺና ለቤቱ። አንቺ ልጅ ሰባት ሳምንት እንቅልፍ ነሳሽኝ። መልስ ያልጻፍኩት ንዴት ይዞኝ ነው፤ መጀመሪያ ባንቺ፣ ኋላ በራሴ።

«ማን አስተኛቸው?» አልሽ። በመላው ደሴት ሦስት መቶ ሺህ ሰው አየው፤ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች የሉካንግ አናጢ ልጅ ናት። መልሱ ሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ነበር ልጄ። ፊልሙ በስምንት ጥቅል ተከፍሎ በስምንት ቆርቆሮ ነው የሚሄደው፤ ሁለተኛው ቆርቆሮ ውስጥ ልጅቷ እናቷን ስታስተኛ አለ። ብርድ ልብስ ታለብሳታለች፤ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። እናትየው «ክዳኑ ደግሞ ምንኛ ደስ የሚል ሽታ አለው፣ የካምፎር እንጨት ነው» ትላለች። የአባትሽ ክዳን ነው። ከፊልሙ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

በአዲስ ዓመት ሲኒማ ቤቶች በቀን አምስት ጊዜ ማሳየት ይፈልጋሉ። የኔ ፊልም ርዝመቱ ለአራት ጊዜ ብቻ ይበቃ ነበር። ከዋዜማው በፊት በነበረው ቀን ቢሮ ጠሩኝና «አንድ ጥቅል ጣል» አሉኝ። ድርጊት የሌለበት የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም ፈራሁ። እምቢ ብል እስከነአካቴው ያስቀሩታል ብዬ ፈራሁ። «ለሁሉም ቤቶች፦ ሁለተኛውን ቆርቆሮ አትክፈቱ» የሚለውን ቴሌግራም በገዛ እጄ ጻፍኩ። አውሬውንም የፈቀድኩት እኔ ነኝ። «ሰው ከገባ በኋላ ይወደዋል» አልኩ። ለዐሣ ጥሪ የመጣ እንግዳ አበባ ብታቀርቢለት አበባውን ይጠላል። ያኔ አላወቅሁም።

አባትሽ ደግሞ ሣጥኖቹን ሲያስረክበኝ «ይህን በአዲስ ዓመት አታውጣው፤ በሰባተኛው ወር፣ ሙታን በሚታሰቡበት አውጣው፤ ያኔ ሰው ልቡ ለዚህ ክፍት ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም «ቲየንሹን፣ አንተ እንጨትህን ላግ» ብዬ ሳቅሁበት። ንድፉም ነጩም ቀለም የኔ ነበር። እሱ በቡና ዓይነት ቀለም ይሁን ብሎ ነበር።

ይህ በእኔና ባንቺ መካከል ይቅር። ልቤን ያወጣሁልሽ ዘመድ ስለሆንሽ ነው። አሁን የጠየቅሽውን ሁሉ ነግሬሻለሁ፤ የኔን ፈጽሚልኝ። ሰዎቹ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚጠብቁኝ። አባትሽ ባያይ ምን አለ? ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል? ማኅተሙን አንቺው ምቺበት።

ቦዩዋን


ሉካንግ፣ ኦገስት 16 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ

የሰባተኛው ወር ሙታን በደጃችን በሰላም ይለፉ፤ ለእርስዎም እንዲሁ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማኅተሙን አልመታሁም። ሌላ የምነግርዎ ነገር አለኝ።

ዡዋንግ የሚባል ሰው አለ፤ በጭነት መኪናው እየዞረ በየቤተ መቅደሱ ቅጥር ግቢ ፊልም የሚያሳይ። በሲኒማ ቤት የከሰሩትን ፊልሞች በርካሽ ይገዛል። ዘንድሮ ለሙታኑ በዓል የኛ ሰፈር ቤተ መቅደስ ቀጠረው። ጀምበር ስትጠልቅ ቆርቆሮዎቹን ሲያወርድ እየረዳሁት ነበር፤ ማለት ቆሜ አያለሁ። የፊልሙን ስም አነበብኩት፤ የእርስዎ ነበር። ሁለተኛው ቆርቆሮ ላይ የታሸገበት ፕላስተር እንዳለ ነበር። ማንም ከፍቶት አያውቅም።

«ይሄ ለምን ታሸገ?» አለ ዡዋንግ ለራሱ።

እኔ ለማላውቀው ሰው ቀድሜ ተናግሬ አላውቅም። «አንደኛው ሲያልቅ እሱን ያድርጉ» አልኩት።

«ታዲያ ከአንድ ቀጥሎ ሰባትን ላደርግ ኖሯል?» ብሎ ሳቀብኝና ፕላስተሩን ቀደደው።

ሮጬ አባቴን ጠራሁት። አልመጣም ብሎ ነበር። በኋላ የራሱን በርጩማ ይዞ መጣና ከሁሉም ኋላ ተቀመጠ። የፊተኛው ረድፍ እንደ ልማዱ ለሙታኑ ባዶ ተትቷል፤ በየወንበሩ ላይ ብርቱካን ተቀምጧል።

አጎቴ፣ አንድም ሰው ከተቀመጠበት አልተነሳም። ልጅቷ የእናቷን ፀጉር ስታበጥር፣ «አንቺ ስትነቂ እኔ በዕድሜ እበልጥሻለሁ፤ ያኔ እማዬ ብለሽ ትጠሪኛለሽ» ስትላት፣ ዐሣ ጠባሹ እንኳ እሳቱን ትቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሣጥኖቹ ሲታዩ ማንም ሬሳ አላለም። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ቀስ በሉ፣ እንዳትቀሰቅሷቸው» ብሎ ልጆቹን ተቆጣ። እትዬ ኬ አፍንጫዋን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር። በማግስቱ እንዲደገም ጠየቁ፤ ከዚያም ለሦስተኛ ቀን። በሦስተኛው ቀን ከዛንግኋ ከተማ በሞተር ሳይክል የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከታይፔም አንድ ካሜራ ያነገተ ሰው መጥቶ ነበር።

አባቴን ከቤት ስንደርስ «እንዴት አገኘኸው?» አልኩት።

«ክዳኑ በደንብ ይገጥማል» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ቦዩዋን ይህን ጥሎ ኖሯል?» አለ። እኔ ምን እንደማውቅ አላወቀም። እንዳላወቅሁ ሆኜ በርጩማውን ተቀበልኩት።

ስለዚህ ፊልምዎን ሰው ወደደው። ደስ እንዲልዎ ጻፍኩልዎ። አልጋ ግን ያዘዘ የለም። እትዬ ኬን ገበያ አግኝቼ ጠየቅኋት። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ያንን ጥያቄ አፌ ውስጥ ሳገላብጠው ነበር።

«እትዬ ኬ፣ ሣጥኖቹ የሬሳ እንዳልሆኑ አሁን አዩ አይደል?»

«አየሁ ልጄ፣ አልቅሼም አየሁ።»

«ታዲያ አልጋውስ?»

«እኔ አየሁ፤ የልጄ አማት አላየችም። እሷ ያየችው ጋዜጣ ነው። ከጋዜጣ የወጣን ነገር ጋዜጣ ካልመለሰው እኔ የቱን ይዤ ልከራከራት?»

እህሏን እየሰፈረች ነበር የምትናገረው። ልክ ናት።

ዩየታዎ


ሆንግ ኮንግ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1984

ለውድ ልጄ ለዩየታዎ

አፍሽ ወርቅ ይብላ! ከደብዳቤሽ ጋር በአንድ ቀን የታይፔ ጋዜጣ ደረሰኝ፤ የመቅደሱን ሕዝብ ፎቶ አንስቶ «የተቀበረው ፊልም ነቃ» ብሎ አውጥቶታል። ስልኬ አላረፈም። አንድ ትልቅ ሲኒማ ቤት ለኦክቶበር አሥሩ ብሔራዊ በዓል ስምንቱንም ጥቅል ሊያሳየው ነው። አልኩሽ አይደል? ያንን አዳራሽ አስለቅሰዋለሁ። የሳቁብኝ ሁሉ ትኬት ለመግዛት ይሰለፋሉ፤ እኔም ደጅ ቆሜ ፊታቸውን አንድ በአንድ አያለሁ።

ያንን ወረቀት እርሺው። ከእንግዲህ ማኅተም አያስፈልገኝም። የምፈልገው አባትሽን ራሱን ነው። በመክፈቻው ቀን ከእኔ ጋር መድረክ ላይ ይቆማል፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ መላጊያ ይዞ፣ ከሁለት ሣጥን መካከል። በማስታወቂያው ሥዕልም ላይ እናስገባዋለን። «የሬሳ ሣጥኑ አናጢ በአካል ይገኛል» ብለን። አትሳቂ፤ ቃሉን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የታወቀ ቃል ሰው ይጎትታል። ያኔ የገደለን ነገር አሁን ያበላናል። አንድ ጊዜ ገብቶ ይሳቅ፣ እጅ ይንሳ፣ ይውጣ። ለሱም ክብር ነው፤ ከዚህ በፊት ማን ያውቀው ነበር?

የባቡር ትኬት እልካለሁ። አንቺም ነይ፤ ከበር ጀርባ ትቆሚያለሽ።

አጎትሽ ቦዩዋን


ሉካንግ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1984

ለአጎቴ ለሺ ቦዩዋን

ትናንት የመኸር ጨረቃ በዓል ነበር። ሰላምታዬ አጭር ነው።

የመጨረሻ ደብዳቤዎን ለአባቴ አነበብኩለት። ከዚያም የቀሩትን ሁሉ፣ የእኔንም ግልባጭ ጭምር። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ስለ ቴሌግራሙ የጻፉበት ላይ ስደርስ መላጊያውን አስቀመጠ። «የሬሳ ሣጥኑ አናጢ በአካል ይገኛል» የሚለው ላይ ስደርስ ተነስቶ የወርክሾፑን በር ዘጋ፤ ሰው እንዳይሰማ። አባቴን አፍሮ አየሁት። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ቁጣውን ስጠብቅ ነበር፤ ለካ እፍረት ነበር ውስጡ ያለው።

«ተይው። ዘመድ ነው» አለኝ።

«ዘመድ ስለሆነ ነው» አልኩት።

«ፊልሙ ደግሞ አሁን ገና ነፍስ ዘራ። አንድ ሰው አሥራ አንድ ዓመት የለፋበትን...»

«አንተስ ስንት ዓመት ነው የለፋኸው?»

መላጊያውን መልሶ አነሳ። እኔም ለአባቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ፊልምዎ ቆንጆ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ልጅቷ አርጅታ፣ ገና ወጣት ከሆነች እናቷ ሣጥን አጠገብ ስትቀመጥ፣ እኔ እናቴን አሰብኩ፤ እኔም በመጠበቅ ላይ ያለሁ መሰለኝ። ይህን የምነግርዎ ላስደስትዎ አይደለም። ልጎዳዎ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በእጅዎ ይዘው፣ በአንድ ተጨማሪ ትርዒት ለወጡት። ከዚያ ያጠፋው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ቀና ብሎ የማይመልስልዎትን ሰው መረጡ። ያቺ አሮጊት ምን በደለችዎ? ያሳዩዋትን ነው ያየችው። እርሷን አልምራትም አሉ። እኔም የማልምረው ሰው አለኝ፤ እርስዎ ያስተማሩኝ ነው።

ጥያቄዎቼን የጠየቅሁት አባቴን ላስረዳ ብዬ አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእጅዎ በጽሑፍ የምፈልገው ነበረኝ። ምን እንደሆነ ግን ያኔ እኔም አላውቅም ነበር፤ ሳገኘው አወቅሁት። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ዝም ማለት እንደሚከብደው ከአባቴ ደንበኞች ተምሬያለሁ። እኔ ቀላሉን ነው ያደረግሁት፤ አዳመጥኩ።

የጁን አሥሩን ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ገልብጫለሁ። አንዱ ግልባጭ ለአባቴ ነው። አንዱ ኦክቶበር አሥር ፊልምዎን ለሚያሳየው ሲኒማ ቤት ነው፤ ሥዕሉ ላይ ማንን ምን ብለው እንደሚጠሩ አስበው ይጻፉ ብዬ። ዋናው፣ በእጅዎ የተጻፈው፣ ስምዎ ያለበት፣ ለታይቹንጉ ጋዜጣ ነው። ያን ጊዜ የጻፈው ሰው ስሙ ከጽሑፉ ሥር ስላለ አውቀዋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእርስዎ ደብዳቤ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊደል ልክ እንዲወጣ።

ሲኒማ ቤቱ ፈርቶ ፊልሙን ቢተወው ይቆጨኛል። አለቅሳለሁም። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ብርጭቆ ወረቀቴን አነሳለሁ። እርስዎ ሁለተኛ ፊልም ይሠሩ ይሆናል። የአባቴ ስም ግን ሁለተኛ የለውም።

መልስ አይጻፉልኝ። ቢጽፉም አልከፍተውም።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ታይቹንግ እሄዳለሁ። ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ወደ ፖስታ የምጥለው ከጋዜጣው ቤት ስወጣ ነው፤ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ሰው አንብቦ ይጨርሳል። ምን እንደምል መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ። በር ላይ አልቆምም፤ እገባለሁ። «እኔ የሺ ቲየንሹን ልጅ ነኝ። አባቴ የሙሽራ አልጋ ሠሪ ነው» እላለሁ፤ ወለሉን ሳላይ።

ዩየታዎ